ለበላይነህ የተመረጠ መነፅር

በላይነህ የሞተው በገዛ ደጁ፣ በገዛ ጠመንጃው፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በመረጠለት መነፅር ታይቶ ነው። ሬሳው ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር ካለው የጅምላ መደብሩ በር ላይ ሲገኝ ማስኩ አገጩ ላይ ወርዶ ነበር። ሊዘርፉ የመጡትን በዙሉ ቋንቋ እየለመነ ነበርና፣ ልመና አፍ ተሸፍኖ አይሆንም።

ዝርፊያው ጋብ ሲል ሲሃም መጣች። ሲሃም የኢንሹራንስ መርማሪ ናት፤ እንጀራዋ የተቃጠለ ሱቅ በራሱ ተቃጥሎ እንደሆነ መጠየቅ ነው። የጠራቻት የሟች ሚስት ኤርጎጌ ነበረች።

«እህቴ፣ ነገ ጠዋት ፖሊሶች ሊወስዱኝ ነው» አለቻት ደረጃው ላይ። «ጠመንጃው ላይ ያለው አሻራ የኔ ብቻ ነው አሉ። ከተኩሱ በኋላ ወድቆ ባገኘው፣ ዘራፊ እንዳይወስደው ብዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩት እንጂ ምን አደረግሁ!»

«ልጅሽስ?»

«ዓብዩ ይይዛታል። ወንድም ለዚህ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው?»

ነገሩ ጠባብ ነበር። በላይነህ ጠመንጃውን ላይኛው ፎቅ መስኮት አጠገብ፣ የዱቄት ጆንያ ላይ አስተኝቶ ባዶ እጁን ወረደ። ጥይቱ የመጣው ከዚያው መስኮት ነው። ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ኤርጎጌ፣ ወንድሟ ዓብዩ፣ እንዲሁም የመደብሩ ሒሳብ ሠራተኛም የቸርቻቸው ሽማግሌም የሆኑት ፊሊጶስ። ጓንት ደግሞ በዚያ ሰሞን በኮሮና ፍራቻ ያላጠለቀ ባለሱቅ የለም፤ ኤርጎጌ ብቻ በድንጋጤ አውልቃ ነበር።

ሲሃም ከሽማግሌው ጀመረች።

«ጋሽ ፊሊጶስ፣ ሲተኮስ የት ነበሩ?»

«ሽንት ቤት። እየጸለይኩ።»

«ሽንት ቤት?»

«ልጄ፣ ጌታ የሌለበት ክፍል የለም። መቆለፊያ ያለው ግን እሱ ብቻ ነው።»

«የጠመንጃውን መነፅር ማን መረጠው?»

«ማን ያልመረጠ አለ! በላይነህ ‹የመጀመሪያዬ ነው፤ ኪስ የማይጎዳ መነፅር ንገሩኝ› ብሎ በዋትስአፕ ቢጠይቅ፣ ከወንጭፍ ሌላ ተኩሶ የማያውቅ ሁሉ ጄኔራል ሆነ። ጠመንጃ ሻጩ እንኳ ‹በከፊል አውቶማቲክ ለሆነ ጠመንጃና ለዚህች አጭር ግቢ፣ የማያጎላ፣ ቀይ ነጥብ የሚያበራ ይበቃሃል› ብሎት ነበር። በላይነህም እሺ ብሎ ነበር። ዓብዩ ግን ‹ነጥብ የልጅ መጫወቻ ነው› ብሎ እስከ ዘጠኝ እጥፍ የሚያጎላውን አስገዛው። በቅናሽ አገኘሁት ብሎ ይኸው እስከ ዛሬ ጆሯችንን ይበላናል።»

«በላይነህ ጠላት ነበረው?»

ሽማግሌው የማንበቢያ መነፅራቸውን አውልቀው መንገዱን ተመለከቱ። ሩቁን የሚያዩት ያለ መነፅር ነው።

«ሾፌራችንን ደሳለኝን ወንበዴ መንገድ ላይ ጠብቆ ገደለው አይደል? መንገዱን የነገራቸው የኛው ሰው ነው። በላይነህ ደረሰበት። ‹ቸርች ሲከፈት ቆሜ እመሰክራለሁ፤ እስከዚያ በገዛ አፉ እንዲናገር ታግሼዋለሁ› አለኝ። ቸርቹን ደግሞ ኮሮና ዘጋው።»

«ማን እንደሆነ ነገረዎት?»

«አልጠየቅሁም። ስም ሰምቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ራሴን አውቀዋለሁ።»

ዓብዩ ሲያወራ ትንፋሹ ከማስኩ ሽቅብ እየወጣ ወፍራም መነፅሩን ጭጋግ ያለብሰዋል። በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገዋል፤ ደግሞ ይጨግጋል።

«ዕቃ ቤት ነበርኩ» አለ። «መነፅሬ እንዲህ ሲያስቸግረኝ አውልቄ ኪሴ ከተትኩት። ያለ እሱ ደግሞ ታክሲና ዝሆን አልለይም፤ የዓይን ሐኪሜን ጠይቂ። እንዲህ ያለ ዕውር ነው የሚያነጣጥር?»

«እህትህ ትተኩሳለች ብለህ ለፖሊስ የነገርከው አንተ ነህ?»

«ከባሏ ጋር ልምምድ ሄዳለች። በአስተርጓሚ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ልዋሽ?»

ሲሃም ወደ ላይ ወጥታ፣ የፖሊሱ ካፒቴን በጓንት በያዘላት የጠመንጃው መነፅር በመስኮቱ ተመለከተች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ግድግዳ የታጠበ ሥዕል መሰለ፤ መሃሉ ላይ ያለው መስቀለኛ መስመርም እንደ ጭስ ደብዝዟል። ካፒቴኑ ሞከረ፤ ለእሱም ጭጋግ ነው። ሲሃም ዓይን በሚጠጋበት ጫፍ ላይ ያለውን ቀለበት ልታዞር ጣቷን ዘርግታ፣ በድንገት ሰበሰበችው።

ከሰዓት በኋላ ካፒቴኑ ባለበት ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«የጠራኋችሁ ስለ ዕቃው ነው» አለች ፊቷን አኮሳትራ። «ኢንሹራንሱ ይህ መነፅር ምን ያወጣል ይለኛል። እኔ ቆሻሻ ነው ባይ ነኝ። ቀለበቱን ሳትነኩ እዩልኝ።»

ኤርጎጌ አየች። «ጭጋግ ነው። ልምምድ የሄድን ጊዜ ግን ጥርት ያለ ነበር፤ ጠመንጃ ሻጩ ለበላይነህ ዓይን አስተካክሎለት፣ ለኔም ተስማምቶኝ።»

ፊሊጶስ አዩ። «ደመና።»

«ያው ነው፤ ርካሽ ነገር!» አለች ሲሃም። «ዓብዩ፣ አታለውሃል። ይህን የሸጠልህ ሰው ቤቱ ሄዶ ስቆብሃል።»

ዓብዩን ሰይጣን ሳይሆን ቅናሹ አሳተው። የጨገገ መነፅሩን ከፊቱ መንጭቆ ዓይኑን ለጠፈ።

«የታል ጭጋጉ? ይኸው ማዶ ግድግዳው ላይ የባህል ሐኪሙ ማስታወቂያ! ፎቶው ላይ የፊት ጥርሱ ወልቋል! ርካሽ ይሉታል እንዴ ይሄን? መስቀሉ ራሱ እንደ ምላጭ…»

ዓይኑን ከመነፅሩ አነሣ። ሁሉም እሱን እያዩት ነበር።

«አማርኛችን የዓይኑንም የጠመንጃውንም መነፅር ማለቱ ልክ ነው» አለች ሲሃም። «ይህ ቀለበት የሚዞረው ለተመልካቹ ዓይን ነው። ከልምምዱ በኋላ አንድ ሰው አዙሮታል። ደህና ዓይን ያለው እንዲህ አያዞረውም፤ ጋሽ ፊሊጶስም ሩቅ የሚያዩት ያለ መነፅር ነው። ያዞረው ሩቅ የማያይ፣ ማስኩ መነፅሩን ስላጨገገበት ያወለቀ ሰው ነው። ዕውርነትህን ምስክር አድርገህ ቆጠርከው፤ የጠመንጃው መነፅር ግን ዕውርነትህን አስቀድሞ ፈውሶት ነበር።»

«ዘራፊ… ዘራፊ ገብቶ ቢሆንስ?»

«ገብቶ፣ ቀለበቱን አስተካክሎ፣ አንዲት ጥይት ተኩሶ፣ ጠመንጃውን ጥሎ፣ ያንተን ዓይን ይዞ ወጣ? ለዚህች ግቢ ቀይ ነጥቡ ይበቃ ነበር። ነጥቡ ግን ለደካማ ዓይን የሚዞር ቀለበት የለውም። ለበላይነህ ብለህ የመረጥከው ለራስህ ዓይን ነው። ቸርች ተከፍቶ፣ ስለ ደሳለኝ ሳይመሰክርብህ።»

ዓብዩ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። «ቢጮህብኝ ምናለ!» አለ። «ቢመታኝ! በየቀኑ ምሳ እያጎረሰኝ፣ ‹ዛሬስ ትናገራለህ?› በሚል ዓይን ያየኝ ነበር። መንገዱን ስነግራቸው ደሳለኝን ይገድሉታል ብዬ መቼ አሰብኩ…»

«እኔንስ?» አለች ኤርጎጌ። ድምፅዋ ከሹክሹክታ አላለፈም። «እኔን ነገ ሲወስዱኝ ልጄን እያቀፍክ ልትሸኘኝ ነበር?»

 ካፒቴኑ ካቴናውን አውጥቶ ፊቱ ቆመና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለው። ዓብዩ ይህን ሁሉ ዓመት ጆበርግ ሲኖር እንግሊዝኛ አልገባውም፤ ክሊኒክም፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው ሆም አፌርስም፣ ባንክም አጠገቡ ቆማ የምታስተረጉምለት ያስመጣችው እህቱ ናት። ልማድ ሆኖበት ቀና ብሎ አያት።

«እትዬ፣ ምን ይለኛል?»

ኤርጎጌ እንባዋን በማስኳ ጫፍ ጠረገች።

«እጅህን ስጥ ይልሃል» አለችው።