የባምላኩ ድምፅ

«እስቲ ድምፁን አሰሚኝ» አለች ዓባይነሽ ስልኩን ለልጇ እየዘረጋችላት።

ወይኒቱ ስልኩን ተቀብላ አቀረቀረች። ታናሽ ወንድሟን ባምላኩን ወባ ከወሰደው ዛሬ አርባ ቀኑ ነው። ተዝካሩ አብቅቶ ሰው ሲበተን የሙዚቃ ክበብ መምህራቸው ክንፈሚካኤል ቀረት አሉና እናቲቱን የሚያጽናና ነገር ነገሯት። ለክበቡ ልጆች የጫኑላቸው የኖታ መማሪያ ጌም የተጫዋቹን ድምፅ ይቀዳል፤ ባምላኩም ሰባተኛውን ደረጃ ያለፈው ዘፍኖ ነው። ከልጇ ፎቶ ብቻ የቀረላት ዓባይነሽ ይህን ስትሰማ ከመደቡ ተነሳች።

መምህሩ ያላወቁት ነገር ነበር። ሐዘን ቤት ዘፈን አይሰማምና፣ እህትና ወንድም በጋራ ይይዙት የነበረው ስልክ ድምፁ ተዘግቶ ነው የከረመው። ወይኒቱ ግን አላስቻላትም፤ ቅዳሜ ቡሬ ከተማ የሚደረገው የዘፈን ውድድር ደርሶባታል። ባለፈው ሳምንት ጋቢ ተከናንባ ኖታውን በዓይኗ ብቻ ስትከተል፣ ጌሙ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ዝፈኝ አላት። ቀስ ብላ አንጎራጎረች። «የቀድሞው ይጥፋ?» ብሎ ሲጠይቃት የራሷ ሙከራ መስሏት «አዎ»ን ነካች። ምን ታድርግ፣ ድምፁ ስለተዘጋ የጠፋው የባምላኩ መሆኑን አልሰማችም።

አሁን ሁለት ጥፋት አንድ ላይ ሊገለጥባት ነው፤ በወንድሟ ሐዘን ማንጎራጎሯ፣ የእሱንም ድምፅ ማጥፋቷ። ስልኩ ተበላሽቷል ልትል አሰበች። እናቷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም። እየፈራች የስልኩን ድምፅ ከፈተችና ቅጂውን ነካችው።

ቀጭን፣ የታፈነ ድምፅ «ዶ፣ ሚ፣ ሶል» እያለ ወጣ። ባምላኩ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ ድምፁ ገና አልጎረነነም።

ዓባይነሽ ስልኩን ነጥቃ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። «እሱ ነው» አለች። «የኔ ልጅ።»

«እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ብቻ ነበር። ወይኒቱ አፏን ከፈተች። አርባ ቀን ሙሉ የጠፋው ፈገግታ እናቷ ፊት ላይ ሲመጣ አየችና መልሳ ዘጋችው። መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። የክበቡን ልጆች ድምፅ አንድ በአንድ ያውቃሉ።

ልትሸኛቸው ስትወጣ በሩ ላይ ቆሙ። «የቅዳሜው ውድድርስ?» አሏት ቀስ ብለው።

ከውስጥ ያው እንጉርጉሮ እንደገና ተሰማ። እናቷ የሚነካውን ቦታ አይታ ይዛዋለች።

«ስሜን ይሰርዙልኝ፣ ቲቸር» አለች ወይኒቱ። «እማየ ይህን ድምፅ ሌላ ቦታ መስማት የለባትም።»