የተቀየረችው ጂግለር

ልጅቷ እናቷ ሞተር ሳይክሏን እየገፋች ስትመጣ ያየቻት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ሆና ነው። የነጭ ጋዋኗ ጠርዝ አቧራ ለብሷል። ጓደኞቿ «እናትሽ አይደለችም እንዴ?» አሏት። ልጅቷ ሮጣ ሄዳ ከኋላ መግፋት ጀመረች፤ ለማገዝም፣ ፊቷን ለመደበቅም።

እናቷ ነርስ ናት፤ በየሰፈሩ እየዞረች ሕፃናትን ትከትባለች። ያን ቀን ሞተሩ ዳገቱ መሃል ላይ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ቀጥ አለባት። የክትባቱን ሳጥን ተሸክማ በእግሯ ብትሄድም፣ ስትደርስ እናቶቹ ጠብቀው ጠብቀው ልጆቻቸውን አዝለው ተመልሰዋል።

«ዶክተር ጋ እንውሰደው» አለች እናቷ፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች። «ካርብራተሩን ካጠቡት ገና አሥር ቀኑ ነው። ምን ነካው?»

ምን እንደነካው ልጅቷ ታውቃለች።

ቱርቦ የሚሉት የክፍሏ ልጅ «የእናትሽ ሞተር ኤሊ ነው» እያለ ሲያበሽቃት ከርሞ፣ በመጨረሻ ከወንድሙ ሞተር የወጣች ጂግለር ሰጣት። ጂግለር ቤንዚንና አየር በሚቀላቀሉበት ካርብራተር ውስጥ የምትገባ፣ መሃሏ የተበሳ ትንሽ ብሎን ናት። ቀዳዳዋ በሰፋ ቁጥር ሞተሩ ብዙ ቤንዚን ይጠጣል። ብዙ ከጠጣ ይፈጥናል ብላ አሰበች። ቅዳሜ እናቷ ገበያ ስትሄድ ስልኳ ላይ ቪዲዮ ከፍታ ፈታች፣ ገጠመች። ሲነሳ ድምፁ ወፈር ስላለ ልቧ በኩራት አበጠ። ቤንዚን ሲበዛ አየርም ካልተመጠነ ሞተሩ እንደሚታፈን ቪዲዮው ተናግሮ ነበር። እሷ ግን ያንን ክፍል ስለሰለቻት ዘላዋለች።

«ዶክተር» የሰፈሩ ሽማግሌ መካኒክ ቅጽል ስም ነው። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ስለሚያዳምጡ የወጣላቸው ስም ነው። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈተው አዩት፤ ጥላሸት መስሏል። ከዚያ ካርብራተሩን ከፍተው ጂግለሯን አወጡና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዟት። አቀረቧት፣ አራቋት።

«የአንቺ ዓይን ደህና ነው» አሏት ልጅቷን። «እስቲ ቁጥሯን አንብቢልኝ።»

«መቶ አስር» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

«የዚህኛው ዘጠና አምስት ናት።» ሽማግሌው መለዋወጫ ተቀላቅሎ የሞላበትን ጣሳ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ሲስተር፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሳጥበው ከሌላ ጋር ቀይሬብሻለሁ። ዓይኔ ከድቶኛል።»

ልጅቷ መናገር የነበረባት ያን ጊዜ ነው። እናቷ በለሰለሰ ድምፅ ሰው መሆናቸውን፣ ስህተት እንደሚያጋጥም ነገረቻቸው። ልጅቷ ወለሉ ላይ ያለውን የዘይት እድፍ ስታይ ቆየች። እናቷ ብትቆጣ ይሻላት ነበር።

ሽማግሌው ትክክለኛዋን ጂግለር ገጥመው፣ ሞተሩ ሳይነዳ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ሚኒሞውን፣ በጆሯቸው ብቻ አስተካከሉ። ሞተሩ እንደ ስፌት መኪና ቀጥ ብሎ ሠራ። ከዚያ ሌላ ጊዜ ወደ ትልቁ ጋራዥ እንዲወስዱት መከሩ። እራት ላይ እናቷ ሽማግሌው አንጀቷን እንደበሉት፣ ቢሆንም ሞተሯን ሁለተኛ ለእሳቸው እንደማትሰጥ ተናገረች፤ ዳገቱ ላይ ከኋላዋ የጭነት መኪና ቢኖር ምን ይውጣት ነበር? ልጅቷ እራቷን ሳትጨርስ ሳህኗን ይዛ ተነሳች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሽማግሌው ጋራዥ በኩል አለፈች። አንድ ሰውዬ ሞተሩን አቁሞ ሽማግሌውን ያግባባል። እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ካርብራተር መንካት ትተዋል፤ ጎማ ከሆነ ይምጣ። ሰውዬው ሞተሩን እየገፋ ወጣ። ሽማግሌው ትንንሾቹን ካቻቢቴዎች አንድ በአንድ ጠርገው በጨርቅ ይጠቀልሉ ጀመር።

እግሮቿ ይዘዋት ገቡ።

«ጂግለሯን እርስዎ አልቀየሯትም» አለች። «እኔ ነኝ። ቅዳሜ እናቴ ሳታውቅ ቀየርኳት።»

እጃቸው ጨርቁ ላይ ቆመ። ይሰድቡኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን በመዳፋቸው አሹ።

«ሌሊቱን ሙሉ እጄን ስጠራጠር አደርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «አርባ ዓመት የሠራሁበትን እጅ። ቁጥሯን ስታነቢልኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ይቅርታ ማለት ፈልጋ ነበር፤ ቃሉ አነሰባት። ሽማግሌው አይዞሽም አላሉ፣ አልተቆጡምም። ብቻ እናቷ ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት። እንደማታውቅ ስትነግራቸው፣ ሄደሽ ንገሪያት እንደማለት በአገጫቸው ወደ በሩ አመለከቱ። እሷ ግን መጀመሪያ ሮጣ ሰውዬውን መታጠፊያው ላይ ደረሰችበትና ሞተሩን ወደ ዶክተር እንዲመልሰው ነገረችው። ከዚያ እናቷ ወደምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሄደች።

አግዳሚው ላይ ሕፃን የታቀፉ እናቶች ተደርድረዋል። አንዷ ለጎረቤቷ ትናንት ፀሐይ ላይ ቆመው በከንቱ መመለሳቸውን ታወራለች። ልጅቷ ሰላም አለቻቸውና የሰልፉ መጨረሻ ላይ ተቀመጠች። የነርሷ ልጅ መሆኗን የምታውቅ አንዲት ሴት ግቢ ብትላትም እንቢ አለች። አንድ በአንድ ገቡ፣ ሕፃናቱ አለቀሱ፣ ወጡ።

«ቀጣይ» አለች እናቷ ከውስጥ።

ልጅቷ ቦርሳዋን አግዳሚው ላይ ትታ ተነሳች።