ከግድግዳው ወዲያ የምትተነፍሰው መብራት

ይህን የምጽፈው ላሳምናችሁ አይደለም። ያላመነ አልፎት ይሂድ፣ አልቀየምም። ግን በገዛ ቤቴ፣ በእነዚህ ሁለት ዓይኖቼ ያየሁት ነው።

ደግሞ እኩለ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ፀሐይ በመስኮት ገብታ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ተኝታለች። ጎረቤት ምንጣፍ እያራገፈ ነው።

ሥራዬ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መጠገን ነው። ታናሽ እህቴ "ሽቦ" ነው የምትለኝ። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ሲንተሳይዘር እሠራለሁ... እሠራ ነበር።

ለማያውቀው፣ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። የእኔው እንደ ኪቦርድ ጥቁርና ነጭ ቁልፍ የለውም። ትንንሽ ሳጥኖች ይደረደራሉ፤ አንዷ ድምፅ ታወጣለች፣ አንዷ ድምፁን ታለሰልሳለች፣ አንዷ ምት ትሰጣለች። በገመድ ስታገናኛቸው ይዘፍናሉ። ገመዱን ስትነቅል ዝም ይላሉ።

ዝም ማለት አለባቸው። ይህችን ያዙልኝ።

ሁሉንም በእጄ በይጃቸው አለቁ። ምት የምትሰጠዋ ብቻ አልሆን አለችኝ። የፈለግሁት በጣም ዝግ ያለ ምት ነበር... ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ። ለዚያ ጥሩ ካፓሲተር ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ ጠጥቶ ቀስ እያለ የሚለቅ፣ ከጣት ጫፍ የማይበልጥ ዕቃ ነው። ገበያ ላይ ያሉት ልቤን አወለቁት።

ጥሩው የት እንዳለ ግን አውቃለሁ። እማዬ ራስጌ፣ አባቴ የሠራት ሬዲዮ ውስጥ።

አባቴም የእኔው ሙያ ነበረው። ያቺን ሬዲዮ ሠርቶ እማዬ ራስጌ ካስቀመጣት ቀን ጀምሮ ጠፍታ አታውቅም። ጣቢያ አትይዝም። ዝም ብላ "ሽሽሽ" ትላለች... ቀንም፣ ማታም። መብራት ሲሄድ ውስጧ ባለው ባትሪ ትቀጥላለች። ቤት ስንቀይር አልጋውንም ቁም ሳጥኑንም ለእኛ ትቶ፣ ሬዲዮዋን ከመኪና ባትሪ ጋር አስሮ ጭኑ ላይ ይዟት ነው የተጓዘው። እኔና እህቴ በሳቅ ሞትን።

እሱ አልሳቀም።

ሊሞት ሲል ክፍሉ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ። ይመርቀኛል ብዬ ነበር።

"እሷን እንዳትከፍታት" አለኝ። በቃ፣ ይህችን ብቻ።

እኔ ግን ከፈትኳት።

እማዬና እህቴ ገበያ ወጥተው ነበር። ካፓሲተሩን ነቅዬ በቦታው አዲስ ተካሁ። መጠኑ እኩል ነው፤ በእኛ ሙያ መጠኑ እኩል ከሆነ ያው ነው። ሬዲዮዋን መልሼ አበራኋት። "ሽሽሽ" አለች። አሮጌውን ሲንተሳይዘሬ ላይ በየድኩት። ምቱን የምታሳየው ትንሿ ቀይ መብራት በራች... ጠፋች... በራች። ደስታዬን አልቻልኩትም።

እነሱ በታክሲ ተመለሱ። እማዬ ገበያ መሃል ወድቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሳችም። ሐኪሙ መረመራት፣ ደሟን አየ፣ ልቧን አየ። "ምንም አላገኘሁባትም፤ ግን እየደከመች ነው" አለ። እህቴን ወደ ኮሪደር ወስዶ ደግሞ ወሩን እንደማትጨርስ ነገራት።

የእማዬ መኝታ ከሥራ ክፍሌ ፊት ለፊት ነው። በሮቹ ከተከፈቱ እሷም እኔን፣ እኔም እሷን አያለሁ። ከወደቀች ወዲህ ባሉት ሦስት ሳምንታት ሲንተሳይዘሩን አጥፍቼው አላውቅም። የእኛ ልማድ ነው፤ አዲስ የሠራነው ዕቃ ይግል እንደሆነ ለማየት ለቀናት እንተወዋለን። መብራት ሲሄድ እንዳይቋረጥብኝ ብዬም ባትሪ አስሬለት ነበር።

እንግዲህ ያን ቀን፣ መጀመሪያ ባልኳችሁ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ... ጭንቀቴን ልርሳ ብዬ ቁጭ አልኩ። የምቷን ሳጥን ከድምፁ ጋር አገናኘሁ። ድምፁ አበጠ... ከሰመ... አበጠ። ደስ ይላል። ትንሽ ዝግ ቢል ደግሞ የበለጠ ደስ ይላል ብዬ ማዞሪያውን ወደ ግራ ቀነስኩ።

ትንሽ ቀነስኩ።

ትንሽ ደግሞ።

"ሽቦ..." አለች እህቴ፣ በሹክሹክታ። በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምነው?"

"እማዬ... ትንፋሿ ምን ሆነ?"

ተነስቼ ሄድኩ። እማዬ ዓይኗን ጨፍናለች። ደረቷ በጣም ቀስ ብሎ ከፍ አለ። በተከፈተው በር ዞሬ ወደ ክፍሌ አየሁ... ቀይዋ መብራት በራች። ደረቷ ወረደ። መብራቷ ጠፋች።

ግጥምጥሞሽ ነው አልኩ። እንዲህ የምንለው ስንፈራ ነው።

"ዓይንሽን ከደረቷ ላይ እንዳትነቅዪ" አልኳት እህቴን።

ተመልሼ ማዞሪያውን ወደ ቀኝ በትንሹ አዞርኩት።

"ፈጠነች..." የእህቴ ድምፅ ነው።

ወደ ግራ።

"ዘገየች... ሽቦ፣ ቆመች! ቆመች! መልሰው!"

መለስኩት።

ሁለታችንም ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። "ገበያ ስትወድቅ ስንት ሰዓት ነበር?" አልኳት።

"ለአራት ሩብ ጉዳይ። ትንፋሽ አልነበራትም እኮ። አልነገርኩህም እንጂ... ፊቷን ሊሸፍኑባት ነበር። አራት ሰዓት ላይ ድንገት ተነስታ ተቀመጠች።"

ለአራት ሩብ ጉዳይ ሬዲዮዋን ከፈትኩ። አራት ሰዓት ላይ ቀይ መብራቴ በራች። እናቴን ለአሥራ አምስት ደቂቃ ገድያት ነበር፣ ያውም እያፏጨሁ።

ከአባቴ የመጨረሻ ቃል በቀር ሁሉንም ለእህቴ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ስል እንባዋን ጠርጋ "መልሰው" አለች። "አባዬ ያስቀመጠው ቦታ መልሰው። እዚያ እያለ ጤነኛ ነበረች።"

ልክ ነበረች። ካፓሲተሩ እኔ ሲንተሳይዘር ላይ ሆኖ እማዬ እየመነመነች ነው። ለመመለስ ግን ካፓሲተሩ መነቀል አለበት።

ሬዲዮዋን ጠረጴዛዬ ላይ አምጥቼ ከፈትኳት። አዲሱን ነቀልኩ፣ ቀዳዳውን አጸዳሁ፣ መበየጃውን አጋልኩ። እህቴ በሁለቱ በሮች መሃል ቆመች፤ በአንድ ዓይኗ እኔን፣ በአንድ ዓይኗ እማዬን።

"ስንት ይፈጅብሃል?"

"አንድ ደቂቃ።"

"ማርያምን በል።"

"አንድ ደቂቃ አልኩሽ!"

"አባትህም አንድ ደቂቃ ነበር ያለው።"

እማዬ ናት። ዓይኗን ገልጣ በሮቹን አሻግራ ታየኛለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም ነበር።

"መቼ ነው ያለው እማዬ?"

"የሞትኩ ቀን" አለች፣ ረጋ ብላ።

እህቴ አፏን በእጇ ያዘች።

"ልጄ..." አለችኝ እማዬ። "ደክሞኛል። ይብቃኝ።"

አልሰማኋትም... ውሸቴን ነው፣ ሰምቻታለሁ። እናቴ እንድትሞት አልፈለግሁም። የሲንተሳይዘሩን ሶኬትም ባትሪም ነቀልኩ።

መብራቷ ጠፋች። የእማዬ ጭንቅላት ትራሱ ላይ ወደቀ።

እንዴት እንደበየድኩት አላውቅም። ሁለት ጣቴን አቃጥያለሁ፣ ጠባሳው እስካሁን አለ። እህቴ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ሃምሳ ሁለት ላይ ስትደርስ ሬዲዮዋ "ሽሽሽ" አለች።

እማዬ ተነስታ ተቀመጠች።

"ራበኝ" አለች።

ያን ቀን በዚህ ቤት ያልሳቀ የለም። እማዬ ሁለት ሰሃን በላች፣ ያደፈ መጋረጃ አይታ እህቴን ተቆጣች። እኔ አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

ጠዋት ስነሳ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እማዬና እህቴ ተቃቅፈው መስኮቱ ጋ ቆመው፣ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ደጁን ያያሉ። እህቴ የሆነ ነገር ትነግራታለች፣ እማዬ ትስቃለች። ደስ ብሎኝ ከኋላ ቆሜ አየኋቸው።

የእህቴ ትንፋሽ መስታወቱ ላይ ክብ ጉም ሠርቷል።

የእማዬ በኩል ጥርት ያለ ነው።

ትስቃለች። ታወራለች። መስታወቱ ጥርት እንዳለ ነው። ደረቷን አየሁ... ቆጠርኩ። እስከ ሃምሳ ሁለት ቆጠርኩ። አልተንቀሳቀሰም።

ወደ ሥራ ክፍሌ ገባሁ። ሲንተሳይዘሩ ሶኬት ላይ የለም። ባትሪው መሬት ላይ ነው። አንድም ገመድ አልተገናኘም፤ ካፓሲተሩ የነበረበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ ነው።

ቀይዋ መብራት በራች... ጠፋች... በራች።

ከስፒከሩ ትንፋሽ ይሰማል። የደከመው ሰው ትንፋሽ። አውቀዋለሁ፣ የእማዬ ነው፤ ሕፃን ሆኜ እሱን እየሰማሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።

"ይብቃኝ" ያለችኝ ትዝ አለኝ። አሁን ልስማት ብዬ እጄን ወደ ማዞሪያው ሰደድኩ። እስከ መጨረሻው ወደ ግራ... በቃ፣ ታርፋለች።

ከኋላዬ ወለሉ ሲጢጥ አለ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። ፈገግ ብላለች። ጆሮዬ ድረስ ተጠግታ፣ ምንም ትንፋሽ ሳይነካኝ፣ እንዲህ አለችኝ...

"እሷን እንዳትከፍታት።"

ይህን ከአባቴ አፍ ስሰማ ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

እጄ ማዞሪያው ላይ እንዳለ ቀረ። ከጣቴ ሥር ቀይዋ መብራት ጠፋች...

በራች።