ጸበሉን አትጠጡ ያልኩ ዕለት

የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። ፈጠራ ነው የሚል ካለ እሱ እዚያ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

ዘመኑ 1964 ዓ.ም.፣ ወሩ ጳጉሜ፣ ሰዓቱ ከማለዳው አሥራ ሁለት። ቦታው ከብቸና ወደ ሞጣ ሲሄዱ ቁልቁለቱ ስር ያለው የሰፈራችን ጸበል።

ነገሩ የጀመረው ግን በፍልሰታ ጾም ነው...

እህቴ ውበቴ ራስ ምታት አልለቅ ብሏት ጸበል ገባች። አስታማሚዋ እኔ ባንቺዓለም ነበርኩ። ከጸበሉ በላይ የቆዳ ፋብሪካ ከተተከለ ገና ዓመት አልሞላውም።

መጀመሪያ እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ።

ቀጥሎ ላሞቻችን ውሃው ድረስ ወርደው፣ አሽትተው፣ ሳይጠጡ መመለስ ጀመሩ።

ውበቴ ግን ትጠጣ ነበር። በባዶ ሆዷ።

ባስመለሰች ቁጥር አጥማቂያችን አባ አካለ ወልድ «እሰይ! እየለቀቃት ነው፤ ድገሟት!» ይላሉ። እኛም እልል እንላለን። በአገራችን ጸበል የጠጣ ሰው ከጮኸና ካስመለሰ ጋኔኑ ተቃጠለ ማለት ነዋ! ስለዚህ ደገምናት። የምቀዳላት እኔ ነበርኩ...

አንድ ቀን ሹሩባዋን ልፈታላት ስል አንዱ ጉንጉን ከነሥሩ እጄ ላይ ቀረ።

«አላመመኝም እኮ» አለችኝ ፈገግ ብላ።

ያን ጊዜ ነው ለኃይለ ጊዮርጊስ መልእክት የላክሁት።

ኃይለ ጊዮርጊስ አዲስ አበባ የሚሠራ የጋዜጣ ሰው ነው። እናቱ በወሊድ ስትሞትበት የእኛ እናት ናት አንዱን ጡቷን ለውበቴ፣ አንዱን ለሱ ሰጥታ ያሳደገችው። የጡት ወንድማችን ነው። ከዚህ በላይ ምን ዝምድና አለ?

ካሜራውን አንግቶ መጣ። ውሃውን በመዳፉ ጨልፎ አሸተተ። ፊቱ ተለወጠ።

«ባንቺ...» አለኝ በሹክሹክታ። «ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ምንድን ነው?»

«የፋብሪካው እጣቢ ነው። መርዝ ነው። እኔ እጽፈዋለሁ። ጋዜጣ ላይ ከወጣ ይዘጉታል።»

«እውነትህን ነው?»

«የጠባሁት ጡት ይፍረድብኝ!»

አመንኩት። ፎቶ አንስቷት ሄደ። እህቴን የዚያኑ ዕለት ወደ ቤት መለስኳት፤ ግን ረፍዶ ነበር። ጾሙ ሳይፈታ ቀበርናት። ኃይለ ጊዮርጊስ ለቀብሯ አልመጣም።

እኔ ጋዜጣውን ጠበቅሁ። ጎረቤቶቼ ከጸበሉ ሲመለሱ እያየሁ፣ አፌን ይዤ ጠበቅሁ።

ጋዜጣውን ሞጣ ገበያ ላይ አገኘሁት። አንድ መምህር ጋዜጣ ዘርግቶ ሰው ከቦታል። ጠጋ ስል... የውበቴ ፎቶ!

«የኔ ጌታ፣ እስቲ ያንብቡልኝ» አልኩት።

አነበበልኝ። ፋብሪካው ለአገሬው በረከት ነው ይላል። ውሃውም እንደ ጥንቱ ንጹሕ ነው ይላል። «በሥዕሉ የምትታየው ውበቴ ከጸበሉ ጠጥታ ፍጹም ተፈውሳለች» ይላል።

ተፈውሳለች... የመቃብሯ አፈር እንኳ አልደረቀም!

ጠላት ቢያደርገው አልቅሼ እተወው ነበር። ይህን ያለው ግን የእናቴን ጡት የጠባ አፍ ነው። ከዚያ ገበያ እንዴት እንደተመለስኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የፈውሷ ወሬ አገሩን አዳረሰው፤ የሰፈራችን ሰውማ የሞተችው ጸበሉን ስላቋረጠች ነው ይላል። ከሞጣ የመጣ፣ ከሉማሜ የመጣ... በዚያ ላይ ጳጉሜ ነው፤ ሰው ሁሉ ጎህ ሲቀድ ለመጠመቅ ውሃ ይወርዳል።

ያን ማለዳ እኔም ወረድኩ። ኃይለ ጊዮርጊስ ካሜራውን ይዞ ከአባ ጎን ቆሟል። ሌላ ጽሑፍ ሊጽፍ ነው። እናቶች ሕፃናት አዝለው ተሰልፈዋል። የመጀመሪያዋ ማሰሮውን ወደ ልጇ አፍ ስታስጠጋ አላስቻለኝም።

«አትጠጡ! መርዝ ነው! እህቴን ገድሏታል!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ከዚያ አንዲት ሴት ፈገግ አለች። «ጮኸ» አለች ቀስ ብላ።

«ጮኸ! ጮኸ!» አለ ሰው ሁሉ።

ያኔ ገባኝ... በእኛ አገር ጸበል አትጠጡ ብሎ የሚጮህ ጋኔን ብቻ ነው።

ግራና ቀኝ ያዙኝ።

«አባ! እኔ ነኝ፣ ባንቺዓለም! ያውቁኛል!»

«አውቅሃለሁ እንጂ!» አሉ አባ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ ተጭነው። «ማነህ? ስምህን ተናገር!»

«ኃይለ ጊዮርጊስ! አንተ ታውቃለህ! ንገራቸው!»

ዓይን ለዓይን ተያየን። ካሜራውን አነሳ። ቀጭ... አደረገኝ።

ማሰሮውን አፌ ላይ ደፉት። ጥርሴን ነከስኩ።

«ስምህን ተናገር!»

«ውበቴ ነኝ...»

የእህቴ ድምፅ ነበር። ሁሉም ሰማው። እልልታው ቀለጠ። የኃይለ ጊዮርጊስ ፊት ግን አመድ መሰለ።

«ለወንድሜም ስጡት...» አለ ድምፁ።

አንዱ ማሰሮውን አቀበለው።

«አልጠጣም!»

እልልታው ተቋረጠ። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ወደሱ ዞረ።

«ይሄንንም ይዞታል» አለ አንድ ሽማግሌ።

እኔን ለቀው እሱን ያዙት። አገጩን ፈልቅቀው ይግቱት ጀመር። «መርዝ ነው! እኔ አውቃለሁ፣ መርዝ ነው!» አለ በመጨረሻ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ማን ይመነው?

ቢክደኝም ወንድሜ ነው፤ አሳዘነኝ። ድምፁ ከእኔ የሚወጣ መስሎኝ ሁለት እጆቼን አፌ ላይ ጫንኩ። በኃይል ጫንኩ።

«ገና አልጠገበም...»

አፌ ተዘግቶ ነበር።

ድምፁ የሚመጣው ከኋላዬ፣ ከውሃው ነበር።