የተደባለቀው ኪኒን

ባሻ እንደሻው አፍንጫቸው በመቆንጠጫ ተይዞ፣ ጉንጫቸው ተነፍቶ፣ ዓይናቸው ሊፈርጥ ደርሶ የሆስፒታሉን የትንፋሽ መለኪያ ቱቦ ይነፋሉ። የልጅ ልጃቸው ሮማነወርቅ ካፖርታቸውን ታቅፋ ከኋላቸው ቆማለች። ሳይታወቃት የራሷንም ጉንጭ ነፍታለች።

«ይጨምሩ ባሻ፣ ገና አላለቀም፣ ይጨምሩ» አለ ዶክተር አባይነህ።

በሚዞረው ወረቀት ላይ የመለኪያው ብዕር ትንሽ ወጣች፣ ተንቀጠቀጠችና ቆመች። ባሻ ቱቦውን ለቀው ሳላቸው እስኪበርድ ጠረጴዛውን ተደገፉ። ከዚያ ቀና ብለው ያዩት ዶክተሩን ሳይሆን፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁትን ወዳጃቸውን አው ዑመርን ነበር።

«ከሱ በለጥኩ?» ሲሉ ጠየቁ።

ዶክተሩ ምርመራው ውድድር እንዳልሆነ ለስንተኛ ጊዜ አስረዳቸው። ባሻ በትሕትና ሰምተው ሲያበቁ፣ ውድድር ካልሆነማ ማን እንደበለጠ ቢነገራቸው ምን ችግር እንዳለው ጠየቁ።

ነገሩ የሆነው በ1963 ዓ.ም. ሐረር ውስጥ ነው። ባሻ ዕድሜያቸውን በውትድርና የጨረሱ፣ ጡረታ ወጥተውም ሲጋራ ከከንፈራቸው ያልተለየ ሰው ነበሩ። ከሸዋ በር ወደ ቤታቸው የምታወጣዋን ዳገት ሳያርፉ መውጣት ካቃታቸው ቆይቷል፤ ይህን ግን ሰው እንዲያውቅባቸው አይፈልጉም። ስለዚህ ትንፋሽ ባጠራቸው ቁጥር የቀረባቸው ሱቅ በር ላይ ቆመው ዕቃ ይጠይቃሉ። ሮማነወርቅ አያቷ ስለማይገዙት ፋኖስና ስለማይገዙት ኮርቻ ሲከራከሩ ቆማ መጠበቅ ለምዳለች። አንዴማ ትንፋሻቸው ያለቀው የሙሽራ ቀሚስ በሚሰፋበት ደጅ ስለነበር፣ ሙሽራዋ ማን እንደሆነች ሲጠየቁ በሳል አመለጡ።

የሰፈሩ ሰው በአክብሮት «አው» እያለ የሚጠራቸው አው ዑመር ደግሞ ከኤረር በር አጠገብ ቅመም ይሸጣሉ። በቀን የበርበሬ ብናኝ፣ በማታ የጋያ ጭስ ሲስቡ ኖረው ደረታቸው ያፏጫል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳይከራከሩ የዋሉበት ቀን የለም፤ ሳይገናኙ የዋሉበትም እንዲሁ።

ዶክተር አባይነህ የሚያጠናው አንድ አዲስ መድኃኒት እንደነሱ ያሉ ሰዎችን ይረዳ እንደሆነ ነበር። ግማሾቹ ሕመምተኞች መድኃኒቱን ይወስዳሉ፤ ግማሾቹ ምንም የሌለበትን ኪኒን። ሁለቱ በመልክ አንድ ናቸው። ለማን የትኛው እንደደረሰ ጥናቱ እስኪያልቅ ሕመምተኛውም ዶክተሩም አያውቁም። ይህን ሁሉ አስቀድሞ ነግሯቸው ሁለቱም ተስማምተዋል። ባሻ እንዲያውም ነገሩ ወታደራዊ ምስጢር ስለመሰላቸው ደስ ብሏቸው ነበር።

ደስታቸው የቆየው ኪኒናቸውን በጥርሳቸው እስኪሰብሩት ድረስ ነው። ጣፈጣቸው። ወዲያው ወደ አው ዑመር ሱቅ ወርደው እሳቸውም የራሳቸውን ኪኒን እንዲቀምሱ አደረጉ። መረራቸው። ባሻ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጡ። መንግሥታቸውን ዕድሜ ልካቸውን አገልግለው ለሳቸው ስኳር፣ ለቅመም ነጋዴ መድኃኒት ሊሰጥ አይገባም ባይ ናቸው።

ሮማነወርቅ ይህን ያወቀችው አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷን ልትጠራ ሱቁ ስትደርስ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ሰፌድ መሐላቸው አስቀምጠው የሁለቱንም ብልቃጥ ኪኒን ገልብጠውበታል። እንደ ምስር ካማሰሉት በኋላ በየተራ አንድ ለኔ፣ አንድ ላንተ እያሉ ይካፈላሉ። ሐሳቡን ያመጡት አው ዑመር ነበሩ። ወዳጃቸው እየሳለ እሳቸው ብቻቸውን መዳናቸው ደስ አላላቸውም። መጨረሻ ላይ አንዲት ኪኒን ተረፈች። ለማን ትሁን በሚለው ጥቂት ተጨቃጨቁና ሮማነወርቅን ዳኛ አደረጓት። እሷም እየሳቀች በቢላ ከፈለቻት።

ከዚያም ልምምዱ መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሆስፒታል ሄደው ከመንፋታቸው በፊት አው ዑመር ባንኮኒው ላይ ሻማ ያበራሉ። ያንን እፍ ብሎ ማጥፋት ነው። ዛሬ ከቅርብ፣ ነገ ትንሽ ራቅ ብለው። ባሻ ሻማውን ባጠፉ ቁጥር አው ዑመር ንፋስ ነው ይላሉ፤ አው ዑመር ሲያጠፉ ባሻ ሻማው ሊያልቅ ስለደረሰ ነው ይላሉ።

ውጤቱ ግን ወረቀቱ ላይ ታየ። በየሳምንቱ የሁለቱም መስመር ከፍ እያለ ሄደ። ዶክተር አባይነህ መነጽሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ ወረቀቱን ደጋግሞ ያየዋል። አንድ ቅዳሜ ደስታው አላስችል ብሎት፣ እንዲህ ያለ ለውጥ ከቀጠለ መድኃኒቱ ለብዙ ሰው ሊዳረስ እንደሚችል ለሮማነወርቅ ነገራት። የሱን ፊት ስታይ ያቺ በቢላ የከፈለቻት ኪኒን ትዝ አለቻት። እንደዋዛ አስመስላ፣ አንድ ሰው ኪኒኑን እንደታዘዘው ባይወስድ ምን እንደሚሆን ጠየቀችው።

ዶክተሩ ጥያቄውን የጎበዝ ተማሪ ጥያቄ አድርጎ ወሰደው። «ያን ጊዜ ወረቀቱ ይዋሸናል» አላት። «ወይ የሚረዳውን መድኃኒት አይረዳም ብለን እንጥለዋለን፣ ወይ የማይረዳውን ለሕመምተኛ ሁሉ እንሰጣለን።»

ከክፍሉ ሲወጡ ወይዘሮ አበበች እንደወትሮዋ በሩ ላይ ተቀምጣለች። አበበች አረቄ ስታወጣ የኖረች፣ የማገዶው ጭስ ሳንባዋን የጨረሰባት ሴት ናት። ስትመጣ ቦታው ሞልቶ ስለነበር ጥናቱ ውስጥ አልገባችም። ሆኖም ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። የምትጠይቀውም አንድ ነገር ነው።

«ታወቀ?» አለች።

«ገና ነው እናቴ» አላት ዶክተሩ። «ግን ተስፋ አለው።»

አበበች እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ሁሉንም መረቀች። ባሻንም፣ አው ዑመርንም፣ ሮማነወርቅንም። ሮማነወርቅ ምርቃቱ ሳይደርሳት የሚያልፍ ይመስል አንገቷን ደፋች።

ሰኞ ትምህርት ቤት ነገሩን ለጓደኛዋ ለፀሐይ አጫወተቻት። ፀሐይ ሳቋ እስኪያልቅ ጠብቃ፣ «ፋራ አትሁኚ፣ ማን ሊያውቅ ነው?» አለቻት። ብትናገር ደግሞ አያቷ ከጥናቱ ይባረራሉ፣ ኪኒኑም ይቀራል። ሮማነወርቅም የሚያስጨንቃት ይኸው ነበር። ባሻ አሁን ዳገቱን ሲወጡ የሚቆሙባቸው ሱቆች ቀንሰዋል። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ቅዳሜ ሲመጣ ገና በማለዳ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ጫማቸውን አስጠርገው የሚጠብቁ ሰው ሆነዋል።

በሳምንቱ መሐል ሱቁ ሄዳ ሁለቱንም አንድ ላይ ለመነቻቸው፤ ራሳቸው ለዶክተሩ ይንገሩት። ባሻ በፍጹም አሉ። ስንቅ ሲያንስ እኩል መካፈል የወታደር ደንብ መሆኑን፣ ይህን የማያውቅ ዶክተር ቢኖር ጥፋቱ የሳቸው አለመሆኑን አስረዷት።

አው ዑመር ግን ሚዛናቸውን እየወለወሉ ቆዩ። «እኛ አልዋሸንም፣ ሮማን» አሏት በመጨረሻ። «ማንም አልጠየቀንማ። ቢጠይቀን፣ ወላሂ፣ እኔ አልዋሽም። ውሸት ሐራም ነው።»

ባሻ ወዳጃቸውን በጥርጣሬ አዩአቸው። ሮማነወርቅ ግን «ቢጠይቀን» የምትለዋን ቃል ይዛ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ካፖርታቸውን ሲያወልቁ እሷ ቀድማ ገባች። ዶክተሩ የመለኪያውን ብዕር ቀለም እየሞላ ነበር። ያሰበችው ቃል ሁሉ ጠፋባትና አንድ ነገር ብቻ ወጣላት።

«ዶክተር፣ አው ዑመርን ኪኒናቸውን ለብቻቸው ይወስዱት እንደሆነ ይጠይቋቸው።»

ዶክተሩ አየት አደረጋት። ሌላ ሳይጠይቃት ሁለቱንም አስገባና አው ዑመርን ጠየቃቸው። አው ዑመር ለረጅም ጊዜ ተሸክመውት የነበረውን ጆንያ የሚያወርዱ ይመስል ተነፈሱ። ከዚያ ምንም አላስቀሩም። ጣፋጩን፣ መራራውን፣ ሰፌዱን፣ ቢላውን፣ ሻማውን፣ ያልተጠየቁትንም ባሻ ምሽት ላይ ተደብቀው የሚያጨሱትን ሲጋራ ጭምር ተናገሩ። ባሻ ገና ስማቸው ሲነሳ ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ከጎናቸው አጣበቁ።

ሻማው ላይ ሲደርሱ ዶክተሩ አላስቻለውም፤ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ወረቀቶቹን ሰብስቦ ወደ ጎን አኖራቸው። ያ ሁሉ የሚያምር መስመር ከሻማ ይሁን ከመድኃኒት፣ ከእንግዲህ የሚለየው የለም።

«የሁለታችሁን ውጤት ላስገባው አልችልም» አለ። ሕክምናቸው እንደማይቋረጥ፣ የተለመደውን መድኃኒት ራሱ እንደሚያዝላቸው ነገራቸው። ጥናቱ ውስጥ ግን ቦታቸው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ባሻ ይህን ሁሉ ቆመው ሰሙ። ከዚያ፣ «ይህን ነገር ለዶክተሩ ያደረሰው ማን ነው?» አሉ።

ዶክተሩ ቀለሙን ወደ መክደን ዞረ። አው ዑመርም መሬት መሬት አዩ።

«እኔ ነኝ አባባ» አለች ሮማነወርቅ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባሻ አላናገሯትም። ሸዋ በርን አልፈው ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ሱቅ አልፈለጉም፤ መንገዱ መሐል ቆመው በግልጽ አረፉ። እሷም ጥቂት ርቃ ቆመች። ካፖርቱን ልትቀበላቸው እጇን ስትዘረጋ አልሰጧትም። ሳምንቱን ሙሉ ለምሳ ሲጠሯት እንኳን «ያቺ ልጅ» እያሉ ነበር። አንድ ማታ ከክፍሏ ሆና ሲስሉ ስትሰማ፣ ዝም ብል ኖሮ እያለች ራሷን ጠየቀች። የአበበች «ታወቀ?» ግን ከጆሮዋ አልወጣም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ደረሰ። የሚኬድበት ቦታ አልነበረም። ሮማነወርቅ ለሚኒስትሪ ፈተና የምታጠናውን የጂኦግራፊ መጽሐፍ ገልጣ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ባሻ ከጓዳ ሲወጡ ግን ጢማቸውን ተላጭተዋል፣ ካፖርታቸውን ለብሰዋል። አው ዑመርም አጥሩ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

«የኛን ቦታ ለአበበች ሰጥተዋታል» አሉ ባሻ ወደሷ ሳያዩ። «ሴትዮዋ መንፋት አታውቅም። አፍንጫዋን ሲቆነጥጧት መደንገጧ አይቀርም።»

«ኪኒኑንም ለማንም እንዳታካፍል መምከር ያስፈልጋል» አሉ አው ዑመር።

«እሱን አንተ አትናገር። እኔ ነኝ የምነግራት።»

በዚህ ላይ መከራከር ጀመሩ። እየተከራከሩ በሩን ከፍተው ወጡ፤ ጥቂት ሄደው ግን ባሻ ቆሙ። በአቅራቢያቸው ምንም ሱቅ አልነበረም። ካፖርታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ ጣሉትና ወደ በረንዳው ዞረው ቆዩ።

ሮማነወርቅ መጽሐፉን ዘግታ ጫማዋን አጠለቀች።