ዳቦ የምትወደው በግ

«ይህ የምን ጠጉር ነው?» አሉ አያቷ፣ ሁለት እጃቸውን ከረጢቱ ውስጥ እስከ አንጓቸው ከተው።

ሃጋር መልሱን አውቶቡስ ውስጥ ስታጠናው ነበር የመጣችው። መጀመሪያ በስልኳ ያለውን ቪዲዮ ታሳያቸዋለች፤ ቀጥላ ስለ እንዝርት ትጠይቃቸዋለች፤ የውሻውን ነገር መጨረሻ ላይ፣ ቀስ አድርጋ ታነሣዋለች። ዳሩ ግን አያቷ ጠጉሩን በጣቶቻቸው መካከል ሲያሹት ፊታቸው ድንገት ሲበራ አየችና ምላሷ ቀደማት።

«የበግ ነው፣ እምዬ» አለች።

አያቷ እማማ አስቻለች አንድ እፍኝ አውጥተው አሸተቱ። ሃጋር ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ጠጉሩ ትናንት በፖም ሻምፑ ታጥቦ፣ በጓደኛዋ በማአያን በረንዳ ላይ ሲሰጣ የዋለ ነው።

«ቅባት የለው፣ ሽታ የለው» አሉ እምዬ። «የእኛ አገር በግ እኮ ሲሸለት ሽታው ማዶ ላለ ሰው ይደርሳል።» ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «የዚህ አገር በግ ነዋ።»

እስራኤል ከገቡ ጀምሮ እምዬ ግራ ለገባቸው ነገር ሁሉ ይህ መልስ ጠፍቷቸው አያውቅም። ዶሮ ያለ ላባው ይሸጣል፤ የዚህ አገር ዶሮ ነው። ሐብሐብ ፍሬ የለውም፤ የዚህ አገር ሐብሐብ ነው። ታዲያ በግ ፖም ፖም ቢሸት ምን ይገርማል?

ጠጉሩ የሼሌግ ነበር። ሼሌግ የማአያን ውሻ ነው፤ ስሙ በዕብራይስጥ በረዶ ማለት ነው። ነጭ፣ ግዙፍ፣ ሲያዩት ጥጥ የተጫነ አህያ የሚያህል ፍጡር ነው። ጸደይ ሲመጣ ጠጉሩን ያራግፋል፤ ካርሜ ጋት ሰፈር ያለው የእነ ማአያን ቤት ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ ሾርባው ሳይቀር ጠጉር ይሆናል። ሃጋር ከትምህርት ቤት መልስ ውሻውን ማበጠር ትወዳለች፤ የረገፈ ጠጉር ክር ሆኖ ሲፈተል በስልኳ ካየች ወዲህ ደግሞ አንዲቱም እንድትጣል አልፈቀደችም። ክር ለመፍተል የሚያስፈልጋት የሚያስተምራት ሰው ብቻ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ አብሯት ነው የሚኖረው።

ችግሩ፣ እምዬና ውሻ አይስማሙም። ውሻ ያሸተተውን ቀሚሳቸውን አውልቀው ለብቻው ያጥባሉ። ውሻ የነካ እጅ እሳቸው ቤት ሊጥ አይነካም። አንድ ጊዜ የጎረቤት ቡችላ ደረጃው ላይ አግኝቷቸው፣ ቡችላው እስኪሄድ ድረስ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆመው ጠብቀዋል።

«እንዝርቴ በሱዳን መንገድ ቀረ» አሉ እምዬ ጠጉሩን እያፍታቱ። «ቀጭን እንጨት አምጪልኝ። ክብ ነገርም ፈልጊ።»

ሃጋር በረረች። ከወጥ ቤት መሳቢያ የሱሺ መብያ እንጨት አገኘች፤ ከወንድሟ አሻንጉሊት መኪና ደግሞ አንዱን ጎማ ነቀለች። እምዬ እንጨቱን በጎማው ቀዳዳ ሰኩት፤ ጫፉን በቢላ ፈልፍለው ትንሽ መንጠቆ አወጡለት። ከዚያም ሶፋው ላይ ተደላድለው፣ እንጨቱን ጭናቸው ላይ በመዳፋቸው አሾሩት።

እንዝርቱ ዞረ። በግራ እጃቸው ከያዙት ባዘቶ አንድ ቀጭን ነገር እየተሳበ ወጣ፤ ወጣ፤ ክር ሆነ። ሶፋ ላይ ሲረግፍ የማአያንን እናት የሚያስለቅሰው ጠጉር ክር ሆነ። ሃጋር ክሩን ይዛ ሳበችው፤ አልተበጠሰም።

«ማ ፒቶም» አለች በዕብራይስጥ፣ ዓይኗን ማመን አቅቷት። «እምዬ፣ እንዴት አደረጉት?»

«እጄ አልረሳም» አሉ እምዬ፤ እሳቸውም የተገረሙ ይመስሉ ነበር።

ሃጋር ተራዋን ስትጠይቅ እንዝርቱን ሰጧት። ክሩ አንዴ ወፈረ፣ አንዴ ሳሳ፣ ከዚያ ተበጠሰ። እምዬ ግን መታገሥ አልሆነላቸውም። «አምጪ ወዲህ» ብለው ነጠቋት። ሁልጊዜም እንዲሁ ሆነ፤ ሃጋር ትጀምራለች፣ ክሩ ይበጠሳል፣ እንዝርቱ ወደ እምዬ ይመለሳል። እሷም አልከፋትም። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ያንቀላፉ የነበሩት አያቷ፣ አሁን ጠዋት ከእሷ ቀድመው ተነሥተው እየፈተሉ ታገኛቸዋለች። ያ ደስታ እሷንም ተጋባባት፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እንኳ ጣቶቿ ያልያዙትን ክር ያሻሉ።

በእረፍት ሰዓት ስልኳን ስትከፍት የእምዬ የድምፅ መልእክት ይጠብቃታል። «ሃጋርዬ፣ ሱፉ አልቋል። በጊቱ ደህና ናት?»

በጊቱ። ሃጋር አንዴ ከዋሸች ወዲህ ውሸቱ እንደ ሊጥ ኩፍ እያለ ሄዷል። የት ነው የምትኖረው ሲሏት፣ በማአያን አጎት የእርሻ መንደር፣ ሞሻቭ ውስጥ አለች። ግልገል አላት ወይ ሲሏት፣ ገና ናት አለች። ሳር ትወዳለች ወይስ ገብስ ሲሏት፣ ምን እንደምትል ጠፋትና፣ «ዳቦ ትወዳለች» አለች። ሼሌግ በእርግጥ ዳቦ ይወዳል።

ይህችን ባትናገር ይሻላት ነበር። የፋሲካ በዓል፣ ፔሳህ፣ ሊገባ ስለሆነ እርሾ ያለበት ነገር ሁሉ ከቤት መውጣት አለበት። እምዬ ከሻባት የተረፈውን ድፎ ዳቦ በፌስታል ጠቅልለው ሰጧት።

«ለበጊቱ ስጪልኝ። እግዚአብሔር ያቆያት በይልኝ።»

ሼሌግ ዳቦውን በሦስት ጉርሻ ጨረሰውና ፌስታሉን ላሰ። ማአያን እየሳቀች መሬት ላይ ተንከባለለች። ሃጋርም ሳቀች፤ ባዶውን ፌስታል ግን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ደበቀችው።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ስትገባ እምዬ ጠረጴዛው አጠገብ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ጠበቋት። ክሩ በልቃቂት በልቃቂት ተደርድሯል፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ዙሪያውን ስስ ጭጋግ የመሰለ ጠጉር ያለው።

«ለጸሎት ቤታችን ቄስ፣ ለቄስ መንበሩ ደወልኩላቸው» አሉ እምዬ። «የኦሪቱ መጠቅለያ ጨርቅ አርጅቷል ሲባል ሰምቼ ነበር። ይህ ክር ለዚያ ይሁን ብያለሁ። እሁድ ከበዓሉ ልብስ ጋር አጥበዋለሁ፤ ከዚያ ለሸማኔ ይሰጣል። የልጅ ልጄ ያመጣችው ሱፍ ነው ብዬ ነገርኳቸው። በስምሽ መረቁሽ።»

ሃጋር ወንበር ስባ ተቀመጠች። ውሻ የነካውን ቀሚስ ለብቻው የሚያጥቡት አያቷ የውሻ ጠጉር በኦሪት ላይ ሊያለብሱ ነው፤ ያውም በእሷ ስም።

«ለምን ትነግሪያቸዋለሽ?» አለች ማአያን፣ ሃጋር ሮጣ ሄዳ ስታጫውታት። ሼሌግ በሁለቱ መካከል ተዘርግቶ ነበር። «ሲረጥብ የውሻ ሽታ ይመጣል ነው የምትፈሪው? ማለስለሻ ጨምሪበት። ያላ፣ አለቀ። ማንም አያውቅም።»

«ሽታውን አይደለም የምፈራው።»

«ቁጣውን ነው?»

ሃጋር ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ቁጣ ያልፋል። የምትፈራው እንዝርቱን ነው። እውነቱን ከነገረቻቸው እምዬ እንዝርቱን ያስቀምጡታል፤ ወደ ሶፋው፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ይመለሳሉ። ጠዋት ጠዋት የሚጠብቃት ያ የበራ ፊት ይጠፋል። ዝም ካለች ግን ፊቱ አይጠፋም፤ ኦሪቱን ያዩ ቁጥር ደስ ይላቸዋል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ስታሰላስል ሻባት አለፈ።

እሁድ ጠዋት እምዬ መታጠቢያ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጠው እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። ሳፋው ለብ ባለ ውኃ ተሞልቷል። ነጩን ቀሚስ አጥበው ጨመቁ፤ ነጠላውን አጥበው ጨመቁ። ከዚያ ክሩን አነሡ።

«እምዬ፣ አይክተቱት።»

«ውኃው ሞቀ እንዴ?»

«አይደለም።» ሃጋር በሩን ተደግፋ ቆመች። «በጊቱ የለችም።»

እምዬ ክሩን እንደያዙ ቀና አሉ። ፊታቸው ጠቆረ። «ሞተች?»

ሃጋር ለዚህ አልተዘጋጀችም ነበር። «አዎ» ብትል ሁሉም እዚያው ያበቃል፤ እምዬ ለበጊቱ ያዝናሉ፣ ክሩም ወደ ሳፋው ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ በግ አይጠይቃትም። እንደዚህ የቀለለ ውሸት ገጥሟት አያውቅም። ግን እዚያ በርጩማ ላይ ላልተፈጠረች በግ ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አየች፤ አንጀቷን በላት።

«አልሞተችም። መጀመሪያም አልነበረችም። የማአያን ውሻ ጠጉር ነው። ዋሸሁ፣ እምዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እምዬ ክሩን የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጫፍ ላይ አስቀመጡ። ተነሥተው ቧንቧውን ከፈቱ፤ እጃቸውን በሳሙና እስከ ክርናቸው ታጠቡ፣ አለቀለቁት፣ እንደገና ታጠቡ። ውኃውን ዘግተው ፎጣውን ሲያነሡ ጀርባቸው ወደ እሷ ነበር።

«ዳቦዬን ማን በላው?»

«እሱ።»

«ሁሉን?»

«ሁሉን። ፌስታሉንም ላሰ።»

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አሉ እምዬ፣ ሳይስቁ።

ትንሽ ቆይተው ሳሎን ውስጥ ስልክ ሲያወሩ ሃጋር ሰማቻቸው። «አባ፣ ሱፉ ለኦሪት የሚሆን ሆኖ አልተገኘም። ሳላጣራ የቸኮልኩት እኔው ነኝ። ጥጥ አፈላልጌ በጥጥ እሠራዋለሁ።» ስሟን አላነሡም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከቤት ስትወጣ በሩ እጀታ ላይ አንድ ፌስታል ተንጠልጥሎ አገኘች። ውስጡ እንዝርቱና ክሩ ነበሩ። ሁለቱም ከቤት ተባረዋል ማለት ነው። ሃጋር ፌስታሉን ይዛ ደረጃው ላይ ቆመች። የቆሻሻ ገንዳው እታች፣ ከሕንፃው በር አጠገብ ነው፤ እምዬ መጣል ቢፈልጉ ጉልበታቸው ቢያምም ወርደው ይጥሉት ነበር። እሳቸው ለቆሻሻ የማይራሩ ሴት ናቸው። አለመጣላቸውን ደጋግማ አሰበችና ሼሌግን ይዛ እንድትመጣ ለማአያን ደወለች።

በማግስቱ ማአያን ሼሌግን በአውቶቡስ ሳይሆን በእግሯ ይዛው መጣች፤ አዲስ ከረጢት ጠጉርም ይዛለች። ሃጋር ከሕንፃው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሾረችው። ክሩ ወጣ፣ ወፈረ፣ ተበጠሰ። እንደገና። ወጣ፣ ሳሳ፣ ተበጠሰ። ሼሌግ እግሯ ሥር ተኝቶ በአንድ ዓይኑ ያያታል።

«ቪዲዮ ላይ ቀላል ነበር» አለች ማአያን።

«ዝም በይ፣ እየቆጠርኩ ነው» አለች ሃጋር፤ የምትቆጥረው ነገር ግን አልነበረም።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ የበረንዳው መጋረጃ ተነቃነቀ። ሃጋር ቀና አላለችም። ክሩ እንደገና ተበጠሰ።

«ወደ ውጪ ነው የሚሾረው» አለ ድምፅ ከላይ።

ሃጋር ወደ ውጪ አሾረችው። ትንሽ ተሻለ። ከዚያ ተበጠሰ። ቀጥሎ የሸበጥ ድምፅ በደረጃው ሲወርድ ተሰማ፤ ቀስ ብሎ፣ በየፎቁ እያረፈ።

እምዬ ከሕንፃው በር ወጡና ከአግዳሚው ራቅ ብለው ቆሙ። በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን ሰብስበዋል። ውሻውን ከጆሮው እስከ ጭራው አዩት። ሼሌግም አያቸው፤ ጭራውን መሬት ላይ አንዴ መታ።

«ይህ ነው በጊቱ?»

«እሱ ነው፣ እምዬ» አለች ማአያን፣ ሳቋን አፍና።

እምዬ ከቀሚሳቸው ኪስ አንድ ቁራሽ ዳቦ አወጡ፤ ከበዓሉ በፊት የቀረች የመጨረሻዋ ቁራሽ ሳትሆን አትቀርም። ሳይጠጉ ወረወሩለት። «እንካ» አሉት። «ሱፍህ ግን ሱፍ ነው።»

ሃጋር ፈገግታዋን ደብቃ እንዝርቱን አሾረችው። ክሩ ረዘመ፣ ረዘመ፣ ከወትሮው በላይ ረዘመ፤ ትንፋሿን ይዛ ስትጠብቅ መሐሉ ላይ ሳሳና ተበጠሰ።

«አምጪ ወዲህ» አሉ እምዬ፣ እጃቸውም ተዘረጋ። አየር ላይ ቆመ። ወደ ውሻው አዩ፣ ወደ ክሩ አዩ፤ እጃቸውን ቀስ ብለው መልሰው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት።

ሃጋር እንዝርቱን አልሰጠቻቸውም፤ አላስቀመጠችውምም። ሁለቱን የተበጠሱ ጫፎች ፈልጋ በጣቶቿ መካከል ያዘቻቸው።

«በምራቅሽ አርጥቢው» አሉ እምዬ ከቆሙበት። «አሁን ቀጥዪው።»