ሁለቱ ሳንቃዎች

መርማሪዋ ጋራዡ ስትደርስ መካኒኩ ከመኪናው ሥር ወጥቶ፣ ሸራ ለብሶ ተኝቶ ነበር። ከሸራው ውጭ የሚታዩት ጫማዎቹ ብቻ ናቸው። የግራው ማሰሪያ ተፈትቷል።

አጠገቡ የገደለው መኪና ቆሟል። ቁመቱ ዝቅ እንዲል ተደርጎ የተሠራ፣ ሆዱ ከመሬት ግማሽ ስንዝር እንኳ የማይርቅ ቀይ መኪና ነው። በውጭው መንገድ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ወለሉ ይርዳል፤ ያኔ ቀዩ መኪና ራሱን ይነቀንቃል። አንዴ ከጀመረም ቶሎ አያቆምም።

«ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ነው» አለ ሳጅኑ ፊቱን እያዞረ። «የሚተነፍስ ይመስላል።»

«ምን ሆነ ትላላችሁ?»

ሳጅኑ የሰማውን ነገራት። የዚህ ጋራዥ ሠራተኞች መኪና ሥር ሲገቡ ከፊት ጎማዎቹ በታች ሁለት ወፍራም ሳንቃዎች ያደርጋሉ። ክሪኩ ቢከዳ መኪናው ሳንቃው ላይ ያርፋል፤ ሥር ያለው ሰው ይተርፋል። ሟቹ ግን ዛሬ ሳንቃውን ሳያደርግ ገባ። ክሪኩ አመለጠ። ሳንቃዎቹም ያውና፣ ግድግዳው ላይ በየሚስማራቸው ተሰቅለዋል።

«ይኸኛውስ ለምን ታሰረ?»

በሩ አጠገብ ጎማ ላይ የተቀመጠ ሰው በካቴና የታሰሩ እጆቹን ያያል። የጋራዡ ጎሚስታ ነው፤ የሟች ሚስት ወንድም።

«ጠዋት ተጣልተዋል። ‹ሞትህን እየጠራህ ነው› ሲለው ተሰምቷል። ወይ ሟቹ ረስቷል፣ ወይ ይሄ ክሪኩን ገፍቶበታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሌላ ነገር ካልተገኘ ይዤው ነው የምሄደው፣ ኢንስፔክተር።»

መርማሪዋ ከሟቹ ጎን የወደቀውን ክሪክ ጎንበስ ብላ አየች። ክንዱ ተኝቷል፣ እንደ ድፍን ብረት ጠፍጣፋ ሆኗል። ማንም እንዳይነካው አዝዛ ወደ ውጭ ወጣች።

ባለመኪናው ቀጭን ወጣት ነው። አፉ አልቦዘነም።

«እትዬ፣ መኪናዬን ያወረድኩት ሰው ዞሮ እንዲያየኝ ነበር። ሰውማ አየኝ! ስዘል ነው እንጂ ያየኝ። ሰፈር ውስጥ ‹ፌንጣ› ነው የሚሉኝ። ትንሽ ጉድጓድ ላይ ሳልፍ ራሴ ጣሪያ ይመታል። መሪ ስጠመዝዝ ደግሞ ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ‹እርርር› ይላል።»

«ለጋራዡ አለቃ አልነገርካቸውም?»

«ሦስት ጊዜ! ‹ትለምደዋለህ› አሉኝ። ሚስት መሰላቸው እንዴ?» ቀልዱ አፉ ላይ ሞተ። «ጆሮ ግን አልተወኝም።»

«ጆሮ ማነው?»

«እሱ ነዋ፣ መካኒኩ። የሞተር ሕመም በማዳመጥ ስለሚያውቅ እንደዚያ ነበር የምንለው። ዛሬ ጠዋት የፊት ጎማዎቹን ዙሪያቸውን በቢጫ ጠመኔ ቀባቸው። አብረን ነድተን ተመለስን። ‹ጠመኔው የጠፋበት ቦታ ነው የሚነካው› አለኝ። ከዚያ ሥሩ ገብቶ ሊያይ ሲዘጋጅ እኔ በር ላይ ስልክ አወራ ነበር።»

«ሲገባ አየኸው?»

«አላየሁም። ይህን መኪና ለማንሳት ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ባለፈው መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ ክሪክ ሥሩ አልገባ ብሎኝ፣ ድንጋይ ላይ አውጥቼው ነው የገባልኝ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሳቀብኝ።»

መርማሪዋ ወደ ቀዩ መኪና ተመለሰች። መዳፎቿን ፓራፋንጎው ላይ አድርጋ ተጫነችና ለቀቀች። መኪናው ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። አራት ጊዜ ቆጠረች። ጤነኛ አሞርዛተር ቢኖረው አንዴ ተነስቶ ጸጥ ማለት ነበረበት። በጎማው ጎን ባትሪ አብርታ ወደ ውስጥ አየች። መኪናውን የሚሸከመው ጥቅልል ሞላ ጫፉ በመጋዝ ተቆርጧል። አሞርዛተሩ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ አዲስ ይመስላል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ቀለሙ በስለት ተፍቋል። ከቀለሙ ሥር ዝገት ነበር። ዝገቱ በዘይት ርሷል።

ጎሚስታው ፊት በርከክ አለች።

«ጠዋት ለምን ተጣላችሁ?»

አንገቱን ደፋ።

«ቀለሙን የፋቀው እሱ ነው አይደል?»

ያኔ ቀና አለ። «አሳየኝ» አለ በቀስታ። «‹አለቃው የሞተ አሞርዛተር ቀለም ቀብተው አዲስ ነው እያሉ ነው የሚገጥሙት› አለኝ። ከሁለት ወር በፊት ከዚህ የወጣች መኪና መታጠፊያው ላይ ተገልብጣ አንዲት እናት ሞታለች። ‹ፍጥነት ነው› ተብሎ ተዘጋ። ‹የሷም እንዲህ ነበር፤ ዛሬ ለትራፊክ ፖሊስ እናገራለሁ› አለኝ። እኔ...» ምራቁን ዋጠ። «‹ተው፣ ልጆች አሉህ፣ ሞትህን እየጠራህ ነው› አልኩት። ፈርቼ ነው። ካልጠፋ ቃል።»

«ለአለቃው ነግሯቸው ነበር?»

«ከኔ ጋር ከመጣላቱ በፊት ቢሯቸው ገብቶ ነግሯቸዋል። ዝም ብለው እንደሰሙት ነው የነገረኝ።»

«ሲወድቅበት የት ነበርክ?»

«ጓሮ። ኮምፕሬሰሩ ይጮህ ነበር። ፌንጣ ሲጠራኝ ሮጬ መጣሁ። ከመንገድ ከመጡ ሦስት ሰዎች ጋር መኪናውን በፓራውልቱ ይዘን አነሳነው። ክሪኩንም እኔ ነኝ የሳብኩት። እንዲሁ ተኝቶ ነበር።»

«አለቃውስ አነሱ?»

«አልወጡም። ስልክ ላይ ነበሩ።»

የአለቃው፣ የባለጋራዡ ቢሮ በአንድ በር ወደ ሥራው ቦታ ይከፈታል። ሰውየው ጠና ያሉ፣ ረጅም ናቸው። እጆቻቸው ገና ከውኃ የወጡ ይመስል ቀልተዋል።

«አይዞዎት ጋሼ። ምን ሰሙ?»

«ድምፁን። እንደዚያ ያለ ድምፅ...» ጆሯቸውን ያዙ። «አሁንም እሰማዋለሁ። ወዲያው አምቡላንስ ደወልኩ። ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም። ሬሳ ማየት አልችልም ልጄ፣ ከልጅነቴ።»

«ዛሬ መኪናውን፣ ዕቃውን፣ ምንም አልነኩም?»

«ምን ልንካ? ዛሬ ቢሮ ነው የዋልኩት።»

«ስልክዎን ልጠቀም?»

ጥቁሩን እጀታ አነሳች። ለትንፋሽ ያህል አየችው። ሳትደውል መልሳ አስቀመጠችውና በመሐረቧ ሸፈነችው።

የሟች ሚስት ስትመጣ ልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ ነበር፤ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ነው የመጣችው። አላለቀሰችም። ሸራውን ከፊቱ ገልጣ አየችው፣ መልሳ አለበሰችው፣ ጠርዙንም ልብስ እንደሚታጠፍ አስተካክላ አጠፈችው። ከዚያ ወደ ወንድሟ ካቴና ዞረች።

«ወንድሜን ልትወስዱት ነው?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይወሰድም፣ እኅቴ» አለች መርማሪዋ።

«ባሌን ዛሬ አጣሁ። ወንድሜን እንኳ ለነገ ብታቆዩልኝ።»

መርማሪዋ ለአፍታ መሬት መሬት አየች። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ቢጫው ጠመኔ ከየት መጣ?»

«የኔ ነው፤ የልብስ ምልክት ማድረጊያ። ሁልጊዜ ነጭ ነበር የምጠቀመው፣ ቢጫውን ትናንት ነው ያመጣሁት። ዛሬ ቁርስ ላይ ‹ግማሹን ስጪኝ› አለኝ። ሰበርኩለት።» ሜትሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። «የስፌት መኪናዬን ከደጅ ሰምቶ ‹ዘይት አምሯታል› ይለኝ ነበር። የመኪናውን መውረድ እንዴት አልሰማም?»

«እሱን ነው የምነግርሽ።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ቀዩ መኪና ዙሪያ አቆመቻቸው። አለቃው ከቢሯቸው በር አልራቁም።

«ሳጅን፣ ያንን ክሪክ መኪናው ሥር ክተተው።»

ሳጅኑ ገፋ። የክሪኩ ራስ ከመኪናው ከንፈር ጋር ተጋጨ። ጎንበስ ብሎ ደግሞ ገፋ። አልገባም።

«ፌንጣ ነግሮኛል፤ ዝቅ ስላለ ክሪክ አይገባለትም። መጀመሪያ ከፍ ያለ ነገር ላይ መውጣት አለበት። መካኒኩ መኪናውን ካነሳ፣ ያለ ሳንቃ አላነሳውም። ስለዚህ ሳንቃውን አልረሳም።»

«ታዲያ እንዴት ግድግዳው ላይ...» አለ ሳጅኑ።

«አውርዳቸው።»

ሳጅኑ ሳንቃዎቹን አወረደና ገለበጣቸው። ወደ ግድግዳው ዞሮ በነበረው ፊታቸው ላይ የጎማ ጥርስ በቢጫ ታትሞ ነበር።

«ጠመኔው ከዛሬ ቁርስ በፊት እዚህ ጋራዥ ውስጥ አልነበረም። እንግዲህ ጎማዎቹ ዛሬ ሳንቃዎቹ ላይ ወጥተዋል። ክሪኩ ሲያነሳቸው ከሳንቃው ተላቀቁ። ሰውየው ሥር ገባ። ከዚያ አንድ እጅ ሳንቃዎቹን ስቦ አወጣቸው።»

ሚስቲቱ ወንድሟን ያዘችው።

«ክሪኩም አላመለጠም። ያመለጠ ክሪክ ክንዱን እንደዘረጋ ነው የሚቀረው። ይሄ ተኝቷል፤ የማውረጃው ቁልፍ ተከፍቷል። ቁልፉ ያለው ከእጀታው ጫፍ፣ ከመኪናው ውጭ ነው። ሥር የተኛ ሰው አይደርስበትም።»

«ማን ነው ታዲያ?» አለ ፌንጣ በሹክሹክታ።

«ሳንቃዎቹን ይዞ የሰቀለ ሰው እጁ ቢጫ ሆኗል። አንተ ጎማውን ሲቀባ አብረህ ነበርክ፤ እጅህ ላይ ጠመኔ ቢገኝ ምንም አያስረዳም። ግን ዕቃ በየሚስማሩ መስቀል የዚህ ቤት ሰው ልማድ ነው፤ እንግዳ ቢሆን ጥግ ጥሎት ይሄድ ነበር። ጎሚስታውስ ከጓሮ የመጣው ተጠርቶ ነው፤ ኮምፕሬሰሩን እስኪያጠፋ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ መኪናውንም በፓራውልቱ ነው የያዘው፤ እጁ ላይም ቢጫ የለም። አንድ ሰው ግን ዛሬ ከወንበሩ አልተነሳም፣ ምንም አልነካም። የስልኩ እጀታ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ብናኝ ቢጫ ነው፣ ጋሼ። እጅዎን ታጥበዋል። ሳይታጠቡ ነው የደወሉት።»

አለቃው የበሩን መቃን ያዙ። በውጭ ከባድ መኪና አለፈ። ቀዩ መኪና ራሱን ነቀነቀ፤ እሳቸውም እስኪያቆም ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«የሰቀልኳቸው መቼ እንደሆነ እንኳ አላውቅም» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ስሰቅል ኖሬ እጄ ራሱ ነው የሰቀላቸው። ያቺ ሴትዮ... እሷን ልገድል ብዬ አይደለም። ‹ቀለሙ እስኪለቅ ማን ያያል› ብዬ ነው። ጆሮ አየ። ‹ዛሬ እናገራለሁ› አለኝ። ስሜ፣ ቤቴ፣ ሁሉም በአንድ ጠዋት ሊፈርስ ሆነ።»

«ሳንቃዎቹን ሲያወጡ አልሰማዎትም?» አለች ሚስቲቱ። ድምጿ የልብስ ልክ እንደምትጠይቅ ያህል ነበር።

«ሰማኝ።»

«ምን አሉት?»

«ለሌላ መኪና እፈልጋቸዋለሁ አልኩት።»

«እሱስ?»

አለቃው ፊታቸውን ከሸራው መለሱ።

«‹ይውሰዷቸው ጋሼ› አለኝ። ‹ክሪኩን ግን ይያዙልኝ።›»

ሳጅኑ ካቴናውን ከጎሚስታው እጅ ፈትቶ ወደ ቢሮው በር ሄደ። ጎሚስታው የተላጠ የእጅ አንጓውን ሲያሽ እኅቱን ለማየት አልደፈረም።

«እቴ፣ ‹ዝም በል› ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ነገረኝ እኮ። ምሳውን ሲያዝዘኝ በስልክ ነገረኝ» አለች። «‹ወንድምሽ ለኔ ፈርቶ ነው› አለኝ።»

የአምቡላንስ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ገቡ። ሁለቱ ጎንበስ ሲሉ ሚስቲቱ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው። ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ኪሷ ከተተች።

«ና» አለችው ወንድሟን። «እኔ በራሱ በኩል እይዛለሁ፤ አንተ በእግሩ።»